ሳሙናው ከምሳ በፊት ይምጣ

በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ሳይታጠብ ወደ ማዕድ እጁን የሚሰድ ሰው ይነወራል። እንግዳ ሲቀመጥ የቤቱ ልጅ ጆግና ሳህን ይዞ ይነሣል፤ ከታላቅ ጀምሮ ጎንበስ እያለ ያስታጥባል። ስለዚህ እዚህ አገር «እጃችሁን ታጠቡ» ብሎ መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰው ይታጠባል። ጥያቄው መቼ፣ በምንና እንዴት የሚለው ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ በብዙ ቤት ከምግብ በፊት የሚፈስሰው ውሃ ብቻ ነው፤ የሚርሰውም የሦስት ጣት ጫፍ ነው። ሳሙናው የሚመጣው ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። የወጥ ቅባት ደግሞ ማንንም አያሳምምም። የሚያሳምመው ከመብላት በፊት እጅ ላይ የነበረው ነው፤ ሳሙናው ሲደርስ እሱ ሆድ ገብቷል።

ውሃ ብቻውን ለምን አይበቃም

የሰው ቆዳ ቅባት አለው። ከሰገራ፣ ከእበትና ከአፈር የመጣ ተሕዋሲ የሚጣበቀው በዚህ ስስ ቅባት ላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከቅባት ጋር አይዋሃድም። ቅቤ የነካውን ቅል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለማጠብ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ውሃው እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቅሉ ልስላሴውን አይለቅም። የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንደኛው ቅባት ይይዛል፣ ሌላኛው ውሃ ይይዛል። እጅ ሲታሽ እነዚህ ቅንጣቶች ቅባቱን ከነተሕዋሲው ከብበው ከቆዳ ያነሡታል፤ ውሃ ሲፈስስባቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ኢንፍሉዌንዛንና ኮሮናን የመሳሰሉ ቫይረሶች ራሳቸው የቅባት ሽፋን ስላላቸው ሳሙና ሽፋናቸውን አፍርሶ ይበትናቸዋል። የወስፋት እንቁላልና ቅርፊት የለበሰ አሜባ ግን በሳሙና አይሞቱም፤ ከእጅ ይለቃሉ እንጂ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማሸቱና ማለቅለቁ ላይ ነው። «ጀርም ገዳይ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሳሙና ለቤት አገልግሎት ከተራው እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ኬሚካሎች የገቡባቸው እንዲህ ያሉ ሳሙናዎች ለሸማች እንዳይሸጡ የወሰነውም አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚሻሉ፣ ለረጅም ጊዜ ቢጠቀሙባቸውም እንደማይጎዱ ማሳየት ስላቃታቸው ነው። ርካሹን ገዝቶ በሥርዓቱ ማሸት ይሻላል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው ለሚል፣ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ እጅን በሳሙና የመታጠብ ልማድ የተቅማጥ በሽታን 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጉንፋንንና ሌሎች የመተንፈሻ አካል በሽታዎችንም ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው መጠን ግን ከዚህ ያንሳል። ለዚህ ያህል የሚረዳበት ምክንያት አንዳንዱ በሽታ ሰውን ለመጣል ብዙ ሠራዊት ስለማያስፈልገው ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ አፍ ከገባ ሊበቃው ይችላል። ይህ ደግሞ በዓይን ቀርቶ በእጅ በሚያዝ አጉሊ መነጽርም የማይታይ ቆሻሻ ነው። «እጄ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልነካሁም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል።

እጅ ይዞት የሚመጣው

በደብረ ብርሃን ዙሪያና በመንዝ ደጋ ብዙ ቤት የሚያነድደው ኩበት ነው። እበት በእጅ ይታሻል፣ በእጅ ይጠፈጠፋል። እበት ውስጥ ሰውንም የሚያሳምሙ እንደ ኢ. ኮላይና ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም በተለይ ከትንንሽ ጥጆች እበት ይመጣል። ኩበት ጠፍጥፎ እጅን በውሃ መለቅለቅ ቀለሙን ይወስደዋል። ከጥፍር ሥር ያለው ግን ይቀራል። ጥፍር አጭር ከሆነ ሥራው ይቀልላል፤ ካልሆነ በቀጭን እንጨት መጎርጎርና በሳሙና ሁለት ጊዜ ማሸት ያስፈልጋል። የእጁ ሽታ እስኪጠፋ መታሸቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ እርግጠኛ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ያው እጅ ቀጥሎ በሶ ይጨብጣል። እንጀራና ቂጣ ምጣድ ላይ ያልፋሉና ቡኮው ላይ የነበረው በአብዛኛው በእሳት ይጠፋል። በሶ ግን ሌላ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ከዚያ በኋላ እሳት አያየውም። በውሃ ታሽቶ፣ በእጅ ተጨብጦ በቀጥታ አፍ ይገባል። ጭኮም እንዲሁ ነው፤ ቅቤው ይሞቃል እንጂ የሚለውሰው እጅ ነው። ተሕዋሲ ዱቄቱ ደረቅ ሳለ አይራባም፤ ከራሰ በኋላ ግን ጭብጦው በአገልግል ለመንገድ ተይዞ ግማሽ ቀን ሲውል የመራቢያ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ከወጥ ሥራ ይልቅ በሶና ጭኮ ከመነካታቸው በፊት ያለው መታጠብ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ቤት ግን ለወጥ ይጠነቀቃል፣ ለበሶ አይጠነቀቅም።

በግ የሚያርዱ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አለ፦ አንዳንዴ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ከረጢቱ ውሻ ሆድ ውስጥ የሚያድግ የትንሽ ኮሶ ትል እጭ ነው። ልማዱ «ይህ አይበላም» ብሎ ለውሻ መወርወር ነው፤ ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ውሻው ከበላው በኋላ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከጠጉሩም ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ በዚያው እጅ ሲበላ እንቁላሉ ወደ ሰው ይገባና ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። የሚገላገሉት ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው። ከረጢት ያለበትን ጉበት ውሻ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻ ከነኩ በኋላም በሳሙና መታጠብ ሁለቱም መንገዱን ይዘጋሉ። ይህን የምናነሣው በግ በሚበዛበት አገር ብዙም ስለማይነገር ነው።

ሌላው ስሕተት የሕፃን ዓይነ ምድር ነው። «የልጅ ነው፣ ምን አለው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ሕፃኑን ስለሆነ በሽታ የማምጣት ኃይሉ ከአዋቂው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ልጅ ያጸዳች እናት ወይም እኅት እጇን በሳሙና ሳትታጠብ ጡት ማጥባት፣ ማጉረስ ወይም እንጀራ መቁረስ የለባትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደጋግመው የሚናገሯቸው ጊዜያት አምስት ናቸው፦ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ልጅ ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላት በፊት፣ ልጅ ከማብላት በፊት። ለገበሬ ቤት ስድስተኛ እንጨምርበታለን፤ ከብት፣ በግ፣ ዶሮና እበት ከነኩ በኋላ።

አራስ ጥየቃም አለ። ገንፎው ይበላል፣ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እጅ በሽታን ወደ አራስ ቤት እንደሚያስገባ በቁጥር ካሳዩት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ በቪየና ይሠራ የነበረው ኢግናዝ ሰሜልዋይዝ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. ሬሳ ከመረመሩ በኋላ ወላድ የሚነኩ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በዚያ ክፍል ከወለዱት ውስጥ በሚያዝያ 18 በመቶ ያህሉ ይሞቱ የነበረው በሰኔ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። አራስ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ሕፃኑን ከማቀፉ በፊት «ውሃና ሳሙና ስጡኝ» ቢል ነውር አይደለም፤ የአራሷ እናት ራሷ ብታቀርብለት ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

አስተጣጠቡ

እጁ መጀመሪያ ይረጥባል፤ ደረቅ እጅ ላይ ሳሙና አይሰራጭም። ሳሙናው አረፋ እስኪያወጣ ይያዛል፤ ከዚያ መዳፍ ከመዳፍ፣ መዳፍ በእጅ ጀርባ ላይ፣ ጣት በጣት መካከል ተጠላልፎ ይታሻል። አብዛኛው ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የሚረሳው አውራ ጣት፣ የጣቶች ጫፍና የጥፍር ሥር ነው። እንጀራ የሚቆርሰው፣ ወጥ የሚያጠቅሰው፣ የሚያጎርሰውም ይኸው አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ነው። አውራ ጣትን በሌላኛው እጅ ጨብጦ ማዞር፣ የጣቶችን ጫፍ ሰብስቦ የሌላኛው እጅ መዳፍ ላይ መፈተግ ያስፈልጋል። አንድ ሌላ የማይታሰብ ነገርም አለ፤ ቀኛማ ሰው በቀኝ እጁ ግራውን ስለሚያሽ ግራው ይጠራና ቀኙ ሳይጠራ ይቀራል። የሚበላው ደግሞ በቀኝ ነው። ቀለበት ያለው ሰው ያውልቀው ወይም ሥሩን ያሽ።

ማሸቱ 20 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ያለው ሁሉ ሲደመር ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይሆናል። ሰዓት ማየት አያስፈልግም። «አባታችን ሆይ»ን ሳይቸኩሉ አንዴ በልብ ማድረስ ከ20 ሰከንድ በላይ ይወስዳል።

ለብርድ የሚሰጠው ሰበብ ብዙ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ የጀሪካን ውሃ መንካት እጅ ያቆረፍዳልና ሰው ጣቱን አስነክቶ ይመለሳል። የውሃው ሙቀት ግን ተሕዋሲ በማስለቀቅ ረገድ ለውጥ አያመጣም፤ ተሕዋሲ የሚገድል ውሃ እጅን ያቃጥላል። ለብ ያለ ውሃ የሚጠቅመው ሰው ሳይቸኩል እንዲያሽ ስለሚያደርግ ብቻ ነው። ምድጃ ዳር የተቀመጠ አንድ ጆግ ካለ እሰየው፣ ከሌለም ቀዝቃዛው ይበቃል።

ብርድና ሳሙና ተደርበው እጅ ይሰነጥቃሉ፤ የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ ያቃጥላልና ሰውየው ሳሙና ይሸሻል፤ ስንጥቁም ራሱ የተሕዋሲ መደበቂያ ይሆናል። ሳሙናውን ሙሉ በሙሉ ማለቅለቅ፣ ማታ እጅ ገና እርጥበት እንዳለው ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት መቀባት ይረዳል። ኦሞ ለእጅ የሚከብደው ብዙ ሲሆን ነው።

ማስታጠቡን ሁለት ዙር ማድረግ

የእኛ ማስታጠብ አንድ ትልቅ ነገር ትክክል አድርጓል፦ ውሃው ይፈስሳል። ብዙ ሰው በየተራ እጁን አንድ ሳህን ውስጥ ከመንከር እጅግ ይሻላል፤ በሚነከርበት ሳህን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ቆሻሻ ለመጨረሻው ይደርሳል። ችግሩ ጥድፊያው ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፣ ቀጥሎ ያለው ሰው ይጠብቃል፤ «በቃ ልጄ፣ ተባረክ» ተብሎ በሦስት ሰከንድ ይታለፋል። 20 ሰከንድ አሻለሁ የሚል እንግዳ ልጁን ያስጨነቀ ይመስለዋል።

መፍትሔው በሁለት ዙር ማስታጠብ ነው። በመጀመሪያው ዙር አስታጣቢው ለእያንዳንዱ ሩብ ብርጭቆ ያህል ውሃ ብቻ አፍስሶ ሳሙናውን እያቀበለ ያልፋል። እሱ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ የመጀመሪያው ሰው እያሸ ይቆያል። ዙሩ ሲያልቅ ከታላቁ ጀምሮ ይመለስና አንድ ብርጭቆ ተኩል ያህል እያፈሰሰ ያስለቀልቃል። አምስት ሰው ባለበት ቤት የመጀመሪያው ዙር ራሱ 20 ሰከንድ አልፎታል፤ ማንም ማንንም አላስቆመም። ሁለት ሊትር ጆግ ለአምስት ሰው ይበቃል፤ በሚታሽበት ጊዜ ውሃ ስለማይፈስስ እንዲያውም ይቆጥባል።

መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ላይ ደግሞ አስታጣቢ የለም። ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ባለ 2 ሊትሩ ከታች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በጋለ ሚስማር አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥ። ውሃ ተሞልቶ ክዳኑ ጥብቅ ሲል ውሃው ይቆማል፣ ምክንያቱም ከላይ አየር ካልገባ ከታች አይወጣም። ክዳኑ ሲላላ ይወርዳል። ቀዳዳው ሲሰፋ አየር በራሱ በቀዳዳው ይገባና ክዳኑ ተዘግቶም ይንጠባጠባል፤ ያኔ ሃይላንዱን መቀየር ነው። በሽቦ ከእንጨት ላይ ይታሰር፤ ልጅ የሚደርስበት ቁመት ላይ ይሁን። በቆሸሸ እጅ የተነካውን ክዳን መልሶ ላለመንካት ሲዘጉት በእጅ አንጓ ወይም በክንድ መግፋት አይቻልምና፣ በሳሙና በታሸው እጅ ክዳኑንም አሸት አድርጎ አብሮ ማለቅለቅ ነው።

ደረቅ ሳሙና ውጭ ከተቀመጠ ልጅ ይጫወትበታል፣ አይጥም ይወስደዋል። 30 ግራም የሚሆን ኦሞ በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጦ በሌላ ሃይላንድ ክዳኑን በስቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዴ ጨመቅ ሲደረግ ለአንድ እጅ ይበቃል። ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ ስላልሆነ ምልክት ይደረግበት፤ ልጅ የለስላሳ ጠርሙስ ካየ ይጠጣልና በለስላሳ ጠርሙስ አለማድረግ ነው።

አመድ፣ አረቄ፣ ሳኒታይዘር

ሳሙና ጨርሶ ከጠፋ አመድ ከምንም ይሻላል። ሻካራነቱ ይፈትጋል፣ ውስጡ ያለው ጨው መሰል ነገርም ቅባት ያስለቅቃል። ከምድጃ የወጣ፣ የቀዘቀዘ፣ ነጭ አመድ ይሁን፤ ዶሮ የተራመደበት የጥግ ክምር አይሁን። ከሳሙና ጋር እኩል ነው የሚል ግን ማስረጃ የለም። አፈር አይመከርም፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው ሰው ለመያዝ የሚደርሰው።

በኮሮና ጊዜ አረቄ እጅ ላይ ሲፈስስ ታይቷል። የእጅ አልኮል እንዲሠራ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት። ተራ አረቄ 35 በመቶ አካባቢ ነው፣ ሁለተኛ የወጣው ዳግም አረቄም 45 አካባቢ። አይበቃም። ትክክለኛው ሳኒታይዘርም ቢሆን እጅ በጭቃ ወይም በቅባት ከቆሸሸ አይሠራም፤ የወስፋት እንቁላልንና ክሪፕቶስፖሪዲየምን አይገድልም። ለታክሲና ለባንክ ቤት መልስ ጥሩ ነው፤ ለገበሬና ለወጥ ቤት ሳሙናን አይተካም።

ማድረቅ

እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ተሕዋሲ ይይዛል፣ ያስተላልፋልም። ስለዚህ ታጥቦ ወዲያው በቀሚስ፣ በጋቢ ወይም ለሁሉ በተሰቀለ አንድ ፎጣ መጥረግ የታጠቡትን መመለስ ነው። በአየር ላይ እጅን እያራገፉ ማድረቅ ከዚህ ይሻላል። የጋራ ፎጣ ትራኮማንም ያዛምታል፤ ዓይኑ የሚያለቅስ ልጅ የጠረገበት ፎጣ ሌላው ልጅ ፊት ላይ ይደርሳል። ፊት ከመታጠብ በፊት እጅን አስቀድሞ መታጠብም ለዚህ ነው።

እጅ መታጠብ የማይደርስበት ነገርም አለ። ቢልሃርዝያ የሚገባው በአፍ ሳይሆን ውሃ ውስጥ በቆመ እግርና በተነከረ እጅ ቆዳ በኩል ነው። ቢልሃርዝያ ባለበት ቆላ፣ ወንዝ ወርዶ እጅ መታጠብ ራሱ አደጋ ይሆናል። ውሃውን ቀድቶ በተከደነ ዕቃ ለሁለት ቀን ማቆየት በቂ ነው፤ ቆዳ የሚበሳው እጭ ከ48 ሰዓት በላይ አይቆይም።

ለሰርግና ለማኅበር ድንኳን የሚሻለው ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ በቁጠባ ከተከፈተ ለ50 ሰው ያህል ይበቃል። ቦታው ከድንኳኑ መግቢያ ይሁን፤ ጓሮ ከተቀመጠ የሚሄድበት የለም። ሳሙናው በመረብ ውስጥ ታስሮ ከጀሪካኑ ይንጠልጠል፤ አንድ ወጣት ቆሞ ቧንቧውን ይክፈት ይዝጋ። ከሥሩ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ካልተቆፈረ ደጁ ከሃያኛው ሰው በኋላ ጭቃ ይሆናል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ እንግዳ ደግሞ ጭቃ አይረግጥም፣ ዞር ብሎ በሌላው በር ይገባል።